ከማሽኑ በፊት ገበታው

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በቱሉ ዲምቱ፣ በቦሌ አራብሳና በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየሞች ቤት ለቤት የምንሠራ የፊዚዮቴራፒና የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያዎች ነን። የምንጽፈው ስለ ኤ.ኤል.ኤስ. ነው፤ ጡንቻን የሚያዙት ነርቮች እየሞቱ ሰውነትን ደረጃ በደረጃ ስለሚያስተኛው በሽታ። ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ ዕድሩም፣ የሥራ ባልደረባውም፣ ውጭ አገር ያለው ዘመድም ያዋጣል። የተዋጣው ገንዘብ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ትልቅ ዕቃ ላይ ይወድቃል። የኤሌክትሪክ ዊልቸር ይመጣል፤ ሕመምተኛው ሊፍት በሌለው ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዊልቸሩ ሲታዘዝ ጆይስቲክ የሚገፋ ጣት ነበረ፤ ሲደርስ ጣቱም የለም። በሽታው ስለማይቆም ዕቃ ሲገዛ ቀጥሎ የሚጎድለውን አስቦ ነው። መጨረሻ ላይ የሚያገለግለው በዐይን የሚነገርበት የፊደል ገበታ ነው፤ አትሙልን የምንለውም እሱን ነው።

ድምፅ ጊዜ አይሰጥም። ምላስ መተሳሰር ሲጀምር፣ ቢቻል ከዚያም በፊት፣ የሰውየውን ድምፅ መቅዳት ያስፈልጋል። ለዚህ ተራ ስልክ ይበቃል። ስልኩን ከአፍ አንድ ስንዝር አርቆ፣ ልብስና መጋረጃ በበዛበት ክፍል፣ ማለዳ ላይ፣ ጎረቤት ያለው ግንባታ ሳይነሣ፣ አንዱን ሐረግ በአንድ ፋይል መቅዳት ነው። በቀን 10 ሐረግ ቢቀዳ በ10 ቀን 100 ይሞላል፤ ከዚያ በላይ በአንድ ቀን ጉሮሮ ይደክማል፣ ድምፁም ይሰልላል። «ጀርባዬን አዙሩኝ»፣ «ምራቄን ጥረጉልኝ» የግድ ናቸው። ቁጣውን፣ ቀልዱን፣ ልጆቹን የሚጠራበትን ቁልምጫም ቅዱ፤ በኋላ ቤቱ የሚናፍቀው «ውሃ ስጡኝ» የሚለውን አይደለም። ቅጂው በሌላ ሰው ስልክም ይቀመጥ። ላልተቀዳው ነገር ኢስፒክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የተጻፈ አማርኛ ያነባል። ድምፁ የቆርቆሮ ነው፤ ይሰማል ግን።

እጅ ሲደክም አንድ የሚንቀሳቀስ ቦታ ካለ ስልክ መጠቀም ይቻላል። ስቴፈን ሆኪንግ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ኮምፒውተሩን ያዝዝ የነበረው በጉንጩ ጡንቻ ብቻ ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ ስዊች አክሰስ የሚባለው ፕሮግራም ምርጫዎቹን በየተራ ያበራል፤ ሰውየው የፈለገው ሲበራ አንዲት ቁልፍ ይጫናል። ቁልፉ ለሰልፊ የሚሸጠው የብሉቱዝ ሪሞት ሊሆን ይችላል፤ ለስልኩ የሚልከው የድምፅ መጨመሪያን ምልክት ስለሆነ ስልኩ ይቀበለዋል። ቁልፉ ትንሽ ስለሆነ የለስላሳ ቆርኪ ይለጠፍበትና በመዳፍ ወይም በጉልበት ይጫኑታል። የማብሪያው ፍጥነት በ2 ሰከንድ ይጀመር። ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ሪሞቱ ሳይነካ ሲቆይ ራሱን ማጥፋቱ ነው፤ ሌላው የስልኩ ባትሪ ቆጣቢ ፕሮግራሙን መዝጋቱ ነው። የይለፍ ቁጥሩንም አንሡት፤ ሌሊት ስልኩ ከተቆለፈ የሚከፍትለት ሰው ተኝቷል።

አሁን መብራት። ሌሊት በባይፓፕ (አየር በጭንብል እየገፋ በሚያስተነፍሰው ማሽን) የሚተነፍስ ሰው ባለበት ቤት ሒሳቡ ሳይሠራ ባትሪ አይገዛ። ማሽኑ የእርጥበት ማሞቂያው ጠፍቶ 40 ዋት ቢወስድ፣ በ8 ሰዓት 320 ዋት-ሰዓት ነው፤ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ዕቃ) የሚበላው ሲታከል 370 ገደማ ይሆናል። 12 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት የሚል ባትሪ ላይ 1200 ዋት-ሰዓት አለ ይባላል፤ የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ስለሚጎዳ በእጃችን ያለው 600 ነው። አንድ ሌሊት ያሳልፋል። ለሁለተኛው ሌሊት የሚተርፈው 230 ብቻ ነው፤ ባትሪው እንደገና ለመሙላት ደግሞ 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ መብራት ይፈልጋል። እንግዲህ ቤተሰብ የሚወድቀው መብራት ሁለት ቀን ተከታትሎ ሲጠፋ ነው። ማሞቂያውን ማብራት ፍጆታውን እጥፍ ሊያደርገው ስለሚችል በባትሪ ጊዜ ይጥፋ።

የመኪና ባትሪ ርካሽ ቢመስልም የተሠራው ሞተር ለማስነሣት ነው፤ በየጊዜው ብዙ ሲራገፍ ቶሎ ይሞታል። ለሶላር የሚሸጠው ጄል ባትሪ ይሻላል። አሲዱ ክፍት የሆነ ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ ከመኝታ ክፍልና ቡና ከሚፈላበት ከሰል ይራቅ። መብራት ተመልሶ ሲመጣም ማሽኑን ወዲያው አትሰኩ፤ ቮልቴጁ እስኪረጋጋ 5 ደቂቃ ጠብቁ። በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍሰው የአየር ፊኛ ከአልጋው ራስጌ አይጥፋ፤ አጠቃቀሙንም ከአንድ በላይ ሰው ይማረው።

ይህ ሁሉ ሲጠፋ የሚሠራው ዐይን ነው። በኤ.ኤል.ኤስ. የዐይን እንቅስቃሴ አብዛኛውን ጊዜ እስከ መጨረሻው ገደማ ይቆያል። ሕመምተኛው በዐይኑ ፊደል እያመለከተ የሚናገርበትን የእንግሊዝኛ ገበታ ከኢንተርኔት አውርዶ መለጠፍ ግን ለእኛ አይሆንም፤ 33ቱ ፊደላት በሰባቱ ቤት 231 ናቸው። ድምፃቸው የሚደጋገመውን ሐ፣ ኀ፣ ኸ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀን እናስወጣለን (የቅኔ ሰዎች ይቅር ይበሉን)። 27 ይቀራል፤ 28ኛው ቦታ «ተሳስቻለሁ» ይሆናል። አዘውትረው የሚመጡትን ወደ ላይ አድርገን በ4 ረድፍ በ7 ዓምድ እንዲህ እንደረድራለን፦

1፦ አ ለ መ ነ በ ተ የ
2፦ ረ ሰ ከ ወ ደ ገ ቀ
3፦ ሀ ፈ ጠ ሸ ቸ ዘ ጀ
4፦ ኘ ጨ ጸ ጰ ፐ ዠ ተሳስቻለሁ

ሰውየው የሚያየው ከ1 እስከ 7 ያሉ ቁጥሮችን ነው፤ መጀመሪያ ረድፉን፣ ቀጥሎ ዓምዱን፣ ከዚያ ቤቱን። «ውሃ» ለማለት 2-4-6፣ ከዚያ 3-1-4። ቤቱ ተዘሎ ረድፍና ዓምድ ብቻ ቢነገርም ብዙ ጊዜ ይገባል፤ «ጀረበ» ሲመጣ ጀርባ መሆኑን ለመገመት ጠቢብ መሆን አያሻም። «ሰመ» ሲመጣ ግን ስም ይሁን ሰም ወይም ሰማ አይታወቅም፤ እዚያ ላይ ቤቱ ይጠየቅ። ሀ ለ ሐ መን በቄስ ትምህርት ቤት ለቆጠሩ አረጋውያን የለመዱትን ቅደም ተከተል እንዳለ መጠበቅ ይሻላል፤ ፊደሉን ሳይፈልጉ ያገኙታል።

ቁጥሮቹ የሚጻፉት ግልጽ ፕላስቲክ ላይ ነው። የድሮ የራጅ ፊልም በረኪና ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ተዘፍዝፎ በጨርቅ ሲታሽ ጥቁሩ ይለቃል፤ ጓንት ይደረግ፣ መስኮት ይከፈት፣ ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቀል። በማተሚያ የሚወጣው አዲሱ ፊልም እምቢ ካለ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ወፍራም ፕላስቲክ ይገዛ። መሐሉ ላይ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ይቆረጥ። ሦስት ቁጥር ከላይ፣ ሁለት በግራና በቀኝ፣ ሁለት በታችኞቹ ማዕዘኖች ይጻፉ፤ ከታች መሐሉ ባዶ ይቅር፤ ወደዚያ ሲታይ ሽፋሽፍት ዐይንን ይሸፍነዋልና። ቁጥሮቹ በሁለቱም ገጽ ይጻፉ፤ አለዚያ አስታማሚው የሚያያቸው ተገልብጠው ነው። አስታማሚው ፊት ለፊት በሕመምተኛው ዐይን ልክ ተቀምጦ፣ ፕላስቲኩን በመካከላቸው ይዞ፣ ዐይኑ ወደየትኛው ቁጥር እንደሚያይ በቀዳዳው ይመልከት፤ ብርሃኑ በሕመምተኛው ፊት ላይ ይረፍ እንጂ ከጀርባው ካለ መስኮት አይምጣ።

የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከላይ ያለውን ገበታ በአንድ ሙሉ ኤ4 ገጽ፣ በወፍራም ፊደል፣ ረድፎቹን ከ1 እስከ 4፣ ዓምዶቹን ከ1 እስከ 7 ቆጥራችሁ አትሙልን። አንባቢ ቆርጦ ከአልጋው ትይዩ ግድግዳ ላይ ይለጥፈው፤ ሰውየው ገና መናገር እየቻለ ከቤተሰቡ ጋር በቀን 10 ደቂቃ ይለማመደው።

ከአክብሮት ጋር፣
የፊዚዮቴራፒና የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያዎች፣ ቱሉ ዲምቱ