ጣጤ በጎተራ፦ የሳይንስ ልብወለድ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን በጥቅምት ሲጀመር አባላቱ ዘጠኝ ነበሩ። አርብ ከሰዓት፣ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በኋላ፣ ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ እንሰበሰባለን። የደብረ ብርሃንን የጥቅምት ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ልጆቹ ጃኬት ላይ ጋቢ ደርበው ነበር የሚመጡት። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ፕሮጀክተርና ከቤቴ ያመጣሁት ነጭ አንሶላ ነበረን። ሌላ ዕቃ አልነበረንም።

የመጀመሪያው ሳምንት ከአንድ ተከታታይ ፊልም ኮስተር ያለ ክፍል አሳየኋቸው። ጦርነት አለ፣ ፕላኔት ይጠፋል፣ ሰው ያልቃል። ግማሹ ልጅ አንቀላፋ። በሁለተኛው ሳምንት ሐሳቤን ቀየርኩ። የሳይንስ ልብወለድ ተከታታይ ፊልሞች አልፎ አልፎ አስቂኝ ክፍል ያስገባሉ። የጠፈር መርከቡ ያው ነው፣ አዛዡ ያው ነው፣ የዓለሙም ሕግ ያው ነው። ታሪኩ ብቻ ያስቃል። ከእነዚህ አንዱን አመጣሁ። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ከእነሱ አልወጣንም።

መጀመሪያ ያየነው የ«ስታር ትሬክ»ን ዝነኛ የትሪብል ክፍል ነው። ዴቪድ ጄሮልድ የጻፈው ሲሆን አሜሪካ ውስጥ የተላለፈው እ.ኤ.አ. በ1967 መጨረሻ ላይ ነው። ትሪብል ፀጉራም ኳስ የምትመስል እንስሳ ናት። እጅ ላይ ስትቀመጥ እንደ ድመት ታንኮራፋለች። ዓይን የላትም፣ እግሯም አይታይም። ሥራዋ መብላትና መውለድ ነው። የመርከቡ ሐኪም ማኮይ «ሲወለዱም እርጉዝ ሆነው ነው» ይላል። አንድ ነጋዴ አንዷን ለመርከቡ መኮንን ለኡሁራ ይሰጣታል። በጥቂት ቀን ውስጥ መርከቡ በትሪብል ይሞላል።

ሁሉም ልጅ እንግሊዝኛውን እኩል አይከታተልም። ስለዚህ አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ከአንሶላው አጠገብ ቆሞ እንደ ቪዲዮ ቤት ተርጓሚ በአማርኛ ያስተላልፍ ነበር። ድምፁ ጥሩ ነው፣ ሰዓቱንም ያውቃል። መጨረሻው ላይ ግን ተቸገረ። መሐንዲሱ ስኮት ትሪብሎቹን በሙሉ ወደ ጠላቶቻቸው ወደ ክሊንጎኖች መርከብ ይልካቸዋል። ከዚያ እዚያ ሲደርሱ «ምንም ትሪብል አይሆኑም» ይላል። እንግሊዝኛው «ትራብል»ን፣ ማለትም ችግርን፣ በ«ትሪብል» ተክቶ ነው የሚቀልደው። ልጁ ዝም አለ። ከኋላ አንዲት ልጅ «ስማቸውን ጣጤ እንበላቸው» አለች። «ከዚያ ጣጣ ለማለት ጣጤ ይበል!» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በሰምና ወርቅ ያደገ ልጅ ኅብረ ቃል የሚሠራው እንዲህ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ዘንድ ትሪብል የሚባል የለም፤ ጣጤ ነው።

በማግስቱ ሳምንት ሒሳቡን ሠራን። አዛዡ ከርክ እህል የተከማቸበትን ጎተራ በር ሲከፍት ጣጤዎቹ ከላይ ይዘረገፉና እስከ ደረቱ ይቀብሩታል። የመርከቡ መኮንን ስፖክ ቁጥራቸውን ወዲያው ይናገራል፤ 1,771,561። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቀልድ ሰምቶ ያልፈዋል። እኛ አላለፍነውም። አንዷ ጣጤ በየ12 ሰዓቱ አሥር ትወልዳለች፣ እናትየዋም አለች፤ ስለዚህ ቁጥሩ በየጊዜው በ11 ይባዛል። ሦስት ቀን ስድስት ትውልድ ነው። ልጆቹ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፉት፤ 11፣ 121፣ 1,331፣ 14,641፣ 161,051። ስድስተኛው ሲወጣ በትክክል 1,771,561 ሆነ። ያን ቀን የተሰማውን ጩኸት ጎረቤት ያለው የኬሚስትሪ መምህር እስካሁን ያነሳብኛል። ቁጥሩ በዘፈቀደ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልሳቅን ነበር። ያሳቀን ትክክል መሆኑ ነው።

ከባሶና ወራና ገጠር የምትመጣ አንዲት ተማሪ ደግሞ ሌላ ነገር አስተዋለች። «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ነቀዝ ነው» አለችኝ። ጎተራ ውስጥ የገባ ነቀዝ መጀመሪያ አይታይም፤ ሲታይ ጊዜው አልፏል። አባቷ በየክረምቱ ገብሱን የሚያወጣና የሚያሰጣ ለምን እንደሆነ ለክፍሉ አስረዳች። ፊልሙ ላይም እህሉ ዋና ነገር ነው። ጣጤዎቹ የበሉት እህል ተመርዞ ኖሮ ይሞታሉ፤ በዚህም መመረዙ ይታወቃል። ክሊንጎን ሲጠጋቸውም ስለሚጮሁ፣ ሰው መስሎ የገባውን ሰላይ ያጋልጣሉ። ያሳቁን እንስሳት ራሳቸው ምስጢሩን ይፈቱታል። ይህን ሁለቴ ሦስቴ ደጋግሜ ነገርኳቸው። ሳቁ ከታሪኩ ውጭ የተለጠፈ አይደለም።

ጣጤ መሥራት የልጆቹ ሐሳብ ነው። በየቤቱ ያለ ያረጀ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ተቆርጦ መጣ። ውስጡን በጨርቅ ሞልተው ሰፉት። በገና ሰሞን አርባ ጣጤ ነበረን።

ሌላው የ«ስታር ትሬክ» ተከታታይ፣ የ«ዲፕ ስፔስ ናይን» ሰዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የሠሩትንም ክፍል አየን። አዲሶቹን ተዋንያን በድሮው ፊልም ውስጥ አስገብተዋቸዋል። በድሮው ክፍል፣ ከርክ ከተቀበረ በኋላም ጣጤ አንድ በአንድ ከላይ እየወደቀ ራሱን ይመታዋል። ለምን? ከ29 ዓመት በኋላ መልሱ መጣ፤ ከአዲሶቹ ገጸ ባሕርያት ሲስኮና ዳክስ ጎተራው ውስጥ ሆነው ጣጤ የተባለውን ሁሉ እያነሱ ይመረምሩና ወደ ኋላ ይወረውራሉ። ተርጓሚያችን ይህን ሲያይ መተርጎሙን ረስቶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ዘ ኤክስ ፋይልስ»ን በጥቂቱ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ1998 ቪንስ ጊሊጋን በጻፈው አንድ ክፍል ውስጥ ሁለቱ መርማሪዎች አንዱን ክስተት እየተፈራረቁ ይተርኩታል። በስከሊ አተራረክ የከተማው ሸሪፍ መልከ መልካም ነው። በሞልደር አተራረክ ደግሞ ጥርሱ የወጣ ነው። ደም መጣጭ ስላለበት ሙሉውን አላሳየሁም፤ የተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ተመለከትን። ልጆቹ ግን ሐሳቡን ያዙት። የ11ኛ «ሀ» እና «ለ» የእግር ኳስ ጨዋታ በበላ ልበልሃ ሥርዓት ለችሎት ቀረበ። አንዱ ዘንግ ይዞ «በላ ልበልሃ!» ይላል። ሌላው ይመልሳል። ያንኑ ፍጹም ቅጣት ምት ሁለቱ ሲነግሩን ኳሱ አንድ አልነበረም፣ ሜዳውም አንድ አልነበረም።

በጣም የቆየንበት የ«ስታርጌት ኤስ ጂ ዋን» ክፍል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የተላለፈ። ዋና ገጸ ባሕርያቱ ኦኒልና ቲልክ በአንድ ቀን ውስጥ ይታሰራሉ። ቀኑ ያልቅና እንደገና ከቁርስ ይጀምራል። ሁለቱ ብቻ ያስታውሳሉ፤ ለሌላው ሰው ሁሉ ቀኑ አዲስ ነው። በኋላ ይሰላቹና ያሻቸውን ያደርጋሉ። ኦኒል በየኮሪደሩ ብስክሌት ይነዳል። በከዋክብት መካከል በሚያደርሰው በር ሁለቱም የጎልፍ ኳስ ይመታሉ። ኦኒል ኳሱ የሚሄድበት ፕላኔት ምን ያህል እንደሚርቅ ይጠይቃል። ቲልክ «ጥቂት ቢሊዮን ማይል» ይላል። ኦኒልም ክብረ ወሰን መሆን አለበት ይላል።

ሁላችንም ሳቅን። አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ግን እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ይሄ አይበቃም።» አሰላነው። ኔፕቱን ከፀሐይ 4.5 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ 2.8 ቢሊዮን ማይል ገደማ ነው። ከፀሐይ ቀጥሎ የሚቀርበን ኮከብ ደግሞ 4.2 የብርሃን ዓመት ነው፤ 25 ትሪሊዮን ማይል ያህል። በጥቂት ቢሊዮን ማይል ከራሳችን ፀሐይ ሰፈር አንወጣም ማለት ነው። የደራሲዎቹን ስህተት ያገኘችው የፊዚክስ ፈተና ሲባል ሆዷን የሚቆርጣት ልጅ ናት። በዚህ ዓመት ከሠራሁት ሁሉ በዚህ ቀን እኮራለሁ።

የዚህ ክፍል መጨረሻ ግን አያስቅም። ቀኑን የሚደጋግመው ማሊካይ የሚባል ሰው ነው። ሚስቱ ሞታበታለች። ጊዜን ወደ ኋላ መልሶ ሊያገኛት ይፈልጋል። ኦኒልም ልጁን ያጣ አባት ነው። ያን ቀን ደግሜ ልኖረው አልችልም ይለዋል። ያ ሁሉ ሳቅ ለካ ለዚህ ያዘጋጀን ነበር። ክፍሉ ጸጥ አለ። ማንም ተነስቶ መብራት አላበራም።

በሰኔ ለወላጆች ቀን ድራማ እንድንሠራ ተጠየቅን። አንድ ልጅ በከተማችን ስም ላይ ቀልድ ልጻፍ አለ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን የመሠረቱት ሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ነው ይባላል። ብርሃኑ እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሊሆን ይችላል የሚሉ አሉ። ልጁ «መንገድ የጠፋበት መርከብ እናድርገው» አለ። ጓደኞቹ ተቃወሙት፤ ለብዙ ሰው ብርሃኑ የእምነት ነገር ነው። እኔም ከእነሱ ጋር ቆምኩ። ልጁም ገባውና ሌላ ጻፈ። የተሻለ ሆነ።

አዲሱ ድራማ እንዲህ ነው። አንድ ተማሪ አርፍዶ በር ላይ ይደርሳል። «ጋሼ፣ በእናትዎ ይክፈቱልኝ!» ዘበኛው ይመልሳሉ፤ «ልጄ፣ ትናንትም ይህንኑ ብለኸኛል።» ደወል ይደወላል፣ ቀኑ ይደገማል። ጋሼ የሚቀመጡት ከፊዚክስ ክፍል መስኮት ሥር ነው። ያንኑ ትምህርት መቶ ጊዜ ይሰሙታል። በመጨረሻ ገብተው ከመምህሩ እጅ ጠመኔ ይቀበላሉ። «ቲቸር፣ አየሩን ከተውነው ሩቅ የሚሄደው በ45 ዲግሪ የተወረወረው ነው» ይላሉ። ወላጆች በሳቅ እንባቸውን ጠረጉ።

ከዚያ ተማሪው ደወሉን ማን እንደሚደውለው ይደርስበታል። ራሳቸው ጋሼ ናቸው። ነገ ጡረታ ይወጣሉ። ሠላሳ ዓመት ከቆሙበት በር መለየት አቅቷቸዋል። ተማሪው አጠገባቸው ይቀመጥና «ጋሼ፣ ነገ እኮ ቤትዎ እንመጣለን» ይላቸዋል። ጋሼ ደወሉን መሬት ላይ ያስቀምጡታል። ይህን መጨረሻ እኔ አልነገርኳቸውም። በዚያ ሰዓት መብራት ሄዶ ስለነበር ማይክ አልሠራም። ቢሆንም እስከ ኋላ ወንበር ድረስ እያንዳንዱ ቃል ተሰማ።

ዓመቱን የጨረስነው በ31 አባላት ነው። በመስከረም ምዝገባው ይቀጥላል፣ ቀኑም ያው አርብ ነው። ላፕቶፑና ፕሮጀክተሩ ለትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ተመልሰዋል። አርባዎቹ ጣጤዎች ቤተ ሙከራው ቁም ሳጥን ውስጥ ናቸው። ልጆቹ ሆን ብለው ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው የከመሯቸው። በመስከረም መጀመሪያ በሩን የሚከፍተው አዲስ አባል እንዲሆን ተስማምተናል።