የልብ ማለት ክበብ፦ ያንኮራፋንበት ዓመት

ዓመቱን የጀመርነው በአሥራ አንድ የነርሲንግ ተማሪዎችና በአንድ ሐሜት ነው። «ዮጋ ያስተምራሉ» ተብሎ ተወራ። አንዷ ልጅ እንዲያውም እናቷ ሃይማኖት ያስለውጡሻል ብለዋት ሁለት ሳምንት ቀርታብናለች። ፈረንጆቹ ማይንድፉልነስ የሚሉትን፣ ሐሳብን አሁን በሚሆነው ላይ ማኖርን፣ እኛ ልብ ማለት አልነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቀንም።

አካሄዱን የወሰድነው ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ከጀመሩት የጭንቀት ቅነሳ ፕሮግራም ነው። የእሳቸው 8 ሳምንት ይፈጃል፤ ቤት ውስጥም በየቀኑ 45 ደቂቃ ገደማ ልምምድ አለው። 45 ደቂቃ! ጠዋት ዋርድ (የሕሙማን ክፍል) ቆማ፣ ከሰዓት ክላስ ገብታ፣ ማታ ኬዝ ሪፖርት የምትጽፍ ልጅ ይህን ያህል ጊዜ ካገኘች ትተኛለች እንጂ ትንፋሿን አታዳምጥም። ተኙም። የደሴውን የጦሳ ተራራ ጉም በሸፈነበት አንድ ሐሙስ ዓይናችንን ጨፍነን እንደተቀመጥን ከኋላ አንዱ ማንኮራፋት ጀመረ። እኔ ራሴ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

አንዲት ዘቢብ በዝግታ እያስተዋሉ በመብላት የሚሠራውን የፕሮግራሙን ልምምድ በቴምር ቀየርነው። ረመዳን ስለነበር በኢፍጣር ሰዓት ነው ያደረግነው፣ ክርስቲያኖቹም አብረው። አንዲቷን ቴምር ቀስ ብሎ ማኘክ የተባለው ግን የዋለ ጾመኛ ላይ አይሠራም።

የያዘልን እጅ መታጠብ ነው። በሥርዓቱ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይወስዳል፣ ቅደም ተከተሉንም ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። እንግዲህ ያቺን ደቂቃ ሌላ ሳያስቡ ውሃውን (የደሴ የጠዋት ውሃ መቼም ራሱ ልብ ያስብላል)፣ ሳሙናውን፣ የጣቶቹን መሐል ብቻ መከታተል። ውሃ በጠፋ ቀን በአልኮል፣ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ።

አንዷ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ስታስገባ ሁለቴ ደም ሥሩን ሳተች። ታካሚዋ እናት «አብሽሪ ልጄ» ሲሏት ጭራሽ እንባዋ መጣ። ሄዳ ታጠበች። ተመልሳም ሦስተኛ ከመሞከር ሲኒየሯን ጠርታ እሷ ክንዱን ያዘች። «ቲቸር፣ እጄ መንቀጥቀጡን አልተወም፤ ግን እየተንቀጠቀጠ መሆኑን አወቅሁ» አለችኝ። እኔ ከዚህ በላይ አልጠብቅም።

ደግሞ እንነጋገር ከተባለ፣ አንድ አልጋ ከበው ዘጠኝ ተማሪዎች ቆመው አንዱ ብቻ በሚሠራበት የዋርድ ልምምድ፣ ጭንቀቱ ትንፋሽ በመቁጠር አይለቅም። ቡድኖቹ እንዲያንሱ በጽሑፍ ጠይቀናል፤ መልስ እየጠበቅን ነው።

ምዝገባ መስከረም ላይ ነው። ጋቢ ይፈቀዳል፣ ትራስ አይፈቀድም።