ስለ ስካፑላራችን፣ ከሐምሌ 9 በፊት

የተወደዳችሁ እህቶችና ወንድሞች፣

የቀርሜሎስ ተራራ እመቤታችን በዓል ሐምሌ 9 ነው። ስለ ቡናማው ስካፑላር፣ ማለትም በክር ተያይዘው ከአንገት ስለሚንጠለጠሉት ሁለት ትናንሽ የሱፍ ጨርቆች፣ ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁኝ ይህን ጻፍኩላችሁ።

ስካፑላር ክታብ አይደለም። ከመኪና አደጋ ያድነናል ብለን አናንጠለጥለውም። የምናደርገው የእመቤታችን ልጆች ስለሆንን፣ እንደ እሷም ልንጸልይና ልንታዘዝ ስለፈለግን ነው። ጸሎት ከሌለበት ጨርቅ ብቻ ይሆናል።

አንዱ ቁራጭ ደረት ላይ፣ ሌላው ጀርባ ላይ ይውላል። የመጀመሪያውን ካህን ባርኮ ያለብሰናል። አርጅቶ በአዲስ ስንቀይረው ሥርዓቱ አይደገምም። ያረጀውን ግን ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት፤ አቃጥሉት ወይም ቅበሩት።

አሁን ክረምት ነው። ፒያሳ ላይ ታክሲ ስንጠብቅ ዝናቡ ያበሰብሰናል፣ ሱፉም ቶሎ አይደርቅም። ቆዳው የሚቆጣበት ሰውም አለ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጲዮስ 10ኛ በ1910 እ.ኤ.አ. በጨርቁ ፋንታ ሜዳልያ ማድረግን ፈቅደዋል። በአንድ ወገኑ የኢየሱስ ቅዱስ ልብ፣ በሌላው የእመቤታችን ምስል ሊኖረው ይገባል፤ በካህንም መባረክ አለበት። በበኩሌ ጨርቁን እመርጣለሁ። ጠዋት ስለብስ እጄ ይነካዋል፣ ያኔ «ጸጋ የሞላብሽ ማርያም ሆይ» እላለሁ።

ቢሮ ውስጥ «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ማተብ ነው?» የሚላችሁ አይጠፋም። አትሸማቀቁ፤ በአጭሩ አስረዱት። ማተብ ያሰረ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

ገና ያልለበሳችሁ ከበዓሉ በፊት የቁምስናችሁን ካህን አነጋግሩ።