«ሦስቱ ድምፆች» ተብሎ ለወጣው ዘገባ፦ አልቶዎቹ የት ገቡ?

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ መዘምራን ቡድናችን የወቅቱ መክፈቻ ኮንሰርት በባህል ገጻችሁ ያወጣችሁትን ዘገባ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አራት ጊዜ ያነበብኩት ጽሑፉ ጥሞኝ ሳይሆን ዓይኔ አሳስቶኝ እንደሆነ ለማጣራት ነበር፤ አላሳሳተኝም። ዘጋቢዎ የሞዛርትን ሬኪየም፣ ማለትም ለሙታን በሚደረገው የላቲን ቅዳሴ ላይ የተመሠረተውን ድርሰት፣ እንዴት እንደዘመርነው ሲገልጽ «የሶፕራኖ፣ የቴኖርና የባስ ሦስቱ ድምፆች ተዋህደው አዳራሹን ሞሉት» ብሏል። እኔ አልቶ ነኝ፤ ሶፕራኖ ከፍተኛው፣ አልቶ ዝቅተኛው የሴቶች ድምፅ ሲሆን፣ ቴኖርና ባስ ደግሞ የወንዶቹ ከፍተኛና ዝቅተኛ ድምፆች ናቸው። በዚያ ምሽት ከሌሎች 13 ሴቶች ጋር ከመድረኩ በአንደኛው ጥግ ቆሜ ነበር፤ ጥቁር ልብሴን ለብሻለሁ፣ ኖታዬን ይዣለሁ፣ አፌም ይከፈትና ይዘጋ ነበር። በዘገባችሁ መሠረት ግን እዚያ ምን ስሠራ እንዳመሸሁ ለራሴም ማስረዳት አቅቶኛል።

ስህተት ሁሉ ደብዳቤ እንደማያስጽፍ አውቃለሁ። ለምሳሌ ዘጋቢዎ «ልብ የሚሰርቅ የፍሉት ዜማ» መስማቱን ጽፏል። በዚህ ድርሰት ውስጥ ፍሉት የለም፤ ኦቦም የለም። ሞዛርት ከእንጨት የትንፋሽ መሣሪያዎች የመረጠው ሁለት ባሶንና ከክላርኔት ቤተሰብ የሆኑትን፣ ድምፃቸው ጠቆር ያለውን ሁለት ባሴት ሆርን ብቻ ነው፤ የሐዘኑ ቀለም የተጠበቀውም በዚህ ቁጥብነት ነው። ይህን ግን ይቅር ብያለሁ። የሌለ መሣሪያ መስማት ቢያንስ ልግስና ነው፤ ፊት ለፊት የቆሙ 14 ሰዎችን አለመስማት ግን ሌላ ስም ያስፈልገዋል።

ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት ወደ ዝግጅት ክፍላችሁ ስልክ ደውዬ ነበር። ስልኩን ያነሱት ሰው በትህትና አዳምጠውኝ ሲያበቁ «ለአንባቢ እንዲቀል ተብሎ ይሆናል» አሉኝ። እውነት ነው፣ ሦስት ከአራት ይቀላል። በዚህ ስሌት ሁለት ከሦስት ይቀላልና ለሚቀጥለው ኮንሰርት ቴኖሮቹንም ብትቀንሷቸው አንባቢ ይበልጥ ያርፋል፤ ከናካቴው ለማቅለል ከተፈለገ ደግሞ መሪያችን በዱላው ብቻውን መድረክ ላይ መውጣት ይችላል።

አሁን ቁጣዬን ገታ አድርጌ ነገሩን በማስረጃ ላስረዳ። ይህ ድርሰት የተጻፈው ለአራት ድምፆች ነው፤ አልቶም ከመካከላቸው ለማዳመቂያ የተጨመረች አይደለችም። ኪርዬ የተባለውን ክፍል ያስታውሱ። ሁለት ዜማዎች እርስ በርስ እየተሳደዱ የሚሄዱበት ድርብ ፉግ ነው። ባሶቹ «ኪርዬ ኤሌይሶን» የሚለውን ከባድ ዜማ ይጀምራሉ፤ እነሱ ገና ሳይጨርሱ «ክሪስቴ ኤሌይሶን» የሚለውንና በፈጣን ኖታዎች የሚሮጠውን ሁለተኛውን ዜማ ይዞ የሚገባው አልቶ ነው። ሶፕራኖና ቴኖር የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የዚያን ዜማ የመጀመሪያ ድምፅ ለአዳራሹ ያሰማነው እኛ ነን፤ ዘጋቢዎ በዚያች ቅጽበት ፕሮግራሙን እያገላበጠ ካልነበረ በስተቀር የሰማው እኛን ነው። ሬኮርዳሬ የተባለውንና አራቱ ሶሎ ዘማሪዎች ብቻ የሚዘምሩትን ክፍልም አልቶዋ ከባሱ ጋር ትጀምረዋለች፤ ሶፕራኖዋ ተራዋን ትጠብቃለች። የምሽቱ ሶፕራኖ በዘገባው አንድ ሙሉ አንቀጽ ተሰጥቷታል፤ ይገባታልም፣ እኔም አጨብጭቤላታለሁ። አልቶዋ ግን በግማሽ ሐረግ እንኳን አልተነሳችም።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን የትሮምቦኖቹ፣ ማለትም ከናስ የተሠሩት የትንፋሽ መሣሪያዎች፣ ጉዳይ ነው። ዘጋቢዎ «የትሮምቦኖቹ ግርማ» ብሎ አድንቋል፤ በዚህ ከእሱ ጋር እስማማለሁ። ነገር ግን በዘመኑ በነበረው የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ልማድ ሦስቱ ትሮምቦኖች በመዘምራኑ ክፍሎች ላይ በአብዛኛው የራሳቸው ዜማ የላቸውም፤ አንደኛው ከአልቶ፣ ሁለተኛው ከቴኖር፣ ሦስተኛው ከባስ ጋር አንድ ዓይነት ኖታ እየነፉ ድምፃቸውን ያጸኑላቸዋል። ሶፕራኖዎቹ ትሮምቦን አልተመደበላቸውም። እንግዲህ ዘጋቢዎ የመጀመሪያውን ትሮምቦን ሰምቶ ሲደነቅ የእኔን ኖታ ነበር ሲያደንቅ ያመሸው፤ ናሱን አመስግኖ ሰዎቹን ረሳቸው ማለት ነው። አንድ ጸሐፊ በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድን መስመር አድንቆ በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ያንኑ መስመር የለም እንዲል ምን ዓይነት ጆሮ እንደሚያስፈልገው አላውቅም፤ የሰማውን ሳይሆን ከአጠገቡ የተቀመጠ ሰው የነገረውን ጽፎ ከሆነ ግን ይገባኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጥቂት ሙያዊ ስለሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አብረው ከሚሰሙ ሦስት ኖታዎች በተሠራ ኮርድ ውስጥ ድምፁ የሐዘን ወይም የብርሃን መልክ እንዲኖረው የምታደርገው መካከለኛዋ ኖታ ናት፤ ይህችም ኖታ ብዙ ጊዜ ከውስጥ ላሉት ድምፆች፣ ለአልቶ ወይም ለቴኖር፣ ትሰጣለች። ሞዛርት ኪርዬውን ሲዘጋ ይህችን ኖታ አውቆ ትቷታል፤ መጨረሻ ላይ የሚሰማው ባዶ፣ ቀዝቃዛና አስፈሪ ድምፅ የመጣው ከዚህ ነው። በልምምድ ጊዜ መሪያችን ያቺን መዝጊያ እየደጋገመ ሲያዘምረን አዳራሹ ራሱ የበረደን ይመስለን ነበር። መካከል ያለውን መተው እንዲህ ኃይል የሚኖረው የሚተወው ነገር ምን እንደሆነ በሚያውቅ ሰው እጅ ብቻ ነው።

በግሌ የደረሰብኝንም ልናገር። አልቶ ሆኜ ስዘምር 17 ዓመቴ ነው። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር እንደሚባለው የእኛም ሥራ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሶፕራኖ ሰው በልቡ ይዞ የሚወጣውን ዜማ ትዘምራለች፤ ቤቷም ገብታ ብትደግመው ልጆቿ ያውቁላታል። እኔ ወጥ ቤት ውስጥ ሆኜ የራሴን ክፍል ስለማመድ የሰማኝ ሁሉ ታምሜ እንደሆነ ይጠይቀኛል፤ ምክንያቱም ለብዙ መስመር አንዲት ኖታ ላይ ቆሜ፣ ከዚያ ግማሽ ድምፅ ወርጄ፣ ተመልሼ እዚያችው ላይ መቆሜ ለብቻው ሲሰማ ዜማ አይመስልም። ያንን ግማሽ ድምፅ በትክክል ለመውረድ ግን ሳምንታት ፈጅቶብናል። ከሥራ ውለን በድካም የምናመሸው፣ ጉሮሯችን እየከረከረ ላቲኑን ፊደል በፊደል የምንደጋግመው፣ በዘገባው መሠረት ስሙ ላልተጠራ ድምፅ ኖሯል።

ፎቶግራፉንም አይቻለሁ። ዘገባውን ያጀበው ምስል ከሶፕራኖዎቹ ጀምሮ ቴኖርና ባሶቹን አካቶ ልክ አልቶዎቹ ጋ ሲደርስ ተቆርጧል። በጠርዙ ላይ አንድ እጅና አንድ ጥቁር የኖታ ማኅደር ይታያሉ። እጁ የእኔ ነው። የባለቤቴ እህት ጋዜጣውን ይዛ መጥታ «ለመሆኑ ያን ቀን ዘምረሽ ነበር?» ስትለኝ ለማስረጃ ያቀረብኩት ያንን እጅ ነው፤ ቀለበቴን አይታ አመነችኝ።

ደግሞም ዘገባው በአልቶዎች ብቻ አላበቃም። ድርሰቱን «ሞዛርት በሞት አልጋው ላይ ሆኖ የደመደመው» ይለዋል። አልደመደመውም። ሞዛርት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 1791 በ35 ዓመቱ ሲሞት ሙሉ በሙሉ ጽፎ የጨረሰው የመግቢያውን ክፍል ብቻ ነበር፤ ብዙዎቹ ክፍሎች የመዘምራኑ ድምፆችና የባሱ መስመር ብቻ የተጻፈባቸው ረቂቆች ነበሩ፤ ላክሪሞዛ የተባለው ክፍል ደግሞ ከስምንት ሜዠር፣ ማለትም ከስምንት አጫጭር የሙዚቃ ምት ክፍልፋዮች፣ በኋላ ይቋረጣል። ባለቤቱ ኮንስታንሰ የታዘዘው ሥራ ሳይጠናቀቅ ክፍያው እንዳይቀር ሰግታ መጀመሪያ ለሙዚቃ ደራሲው አይብለር፣ እሱ ጀምሮ ሲተወው ደግሞ ለሌላው ደራሲ ለዙስማየር ሰጠችው፤ የጨረሰው ዙስማየር ነው። ሳንክቱስ፣ ቤኔዲክቱስና አኙስ ዴይ የተባሉት ክፍሎች የእሱ እንደሆኑ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1800 በጻፈው ደብዳቤ አስታውቋል። ያዘዘው ሰው፣ ካውንት ፎን ቫልዜግ፣ በበኩሉ ኖታውን በእጁ ገልብጦ እ.ኤ.አ. በ1793 ለሟች ሚስቱ መታሰቢያ የራሱ ድርሰት አስመስሎ አሰምቶታል። የሠራውን ሰው መሰወር የዚህ ድርሰት የቆየ ልማዱ ነውና ዘጋቢዎ ሳያውቀው ትውፊቱን ጠብቋል ማለት ይቻላል። ዙስማየርን እንደ ወንድማችን እንቆጥረዋለን፤ መካከሉን ሞልቶ ስሙ ያልተጠራ እሱም እንደኛው ነው።

አንድ ማስረጃ አስቀርቼ ነበር፤ አሁን ላቅርበው። ሞዛርት ከመሞቱ አንድ ቀን በፊት የተጻፈውን ያህል ኖታ ወደ አልጋው አስመጥቶ ከወዳጆቹ ጋር እንደዘመረ፣ በቦታው ከነበሩት አንዱ የሆነው ዘፋኙ ሻክ መናገሩ እ.ኤ.አ. በ1827 ታትሟል። በዚህ ምስክርነት መሠረት ሻክ ሶፕራኖውን፣ የሞዛርት የሚስቱ እህት ባል ሆፈር ቴኖሩን፣ ጌርል ባሱን ያዙ። ላክሪሞዛ መጀመሪያ ላይ ሲደርሱ ሞዛርት አምርሮ አለቀሰና ኖታውን ወደ ጎን አስቀመጠው። በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ድምፅ ቀርቶ ነበር፤ እሱንም የዘመረው ሞዛርት ራሱ ነው። አልቶውን። በእናንተ ጋዜጣ አቆጣጠር እንግዲህ ያን ቀን በዚያ ክፍል ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ አንድ ማረሚያ እንድታወጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ረጅም እንዲሆን አልፈልግም፤ ቦታ እንደሚጠብባችሁ አውቃለሁ። «ሦስቱ» የሚለው «አራቱ» ተብሎ ይነበብ፣ ከቴኖር በፊትም «አልቶ» የሚል ቃል ይግባ፤ ሁለተኛ መስመር ከተረፈ «ዙስማየር» ይጨመርበት። ኮንሰርቱ በሌላ ቀን ሲደገም ለዘጋቢዎ ከእኛ ፊት ለፊት ባለው ረድፍ ወንበር እንዲያዝለት ለመሪያችን ነግሬያለሁ፤ የአልቶው መስመር በቀይ የተሰመረበት የራሴን ኖታም አውሰዋለሁ። ፍሉቱን ግን አትንኩት፤ እሱ የዘጋቢው የግል ንብረት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ከ14ቱ አልቶዎች አንዷ
(በፎቶግራፉ ጠርዝ ላይ የሚታየው እጅ ባለቤት)