ጡረታው በዶላር ቢሆንም ኑሮው በብር ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የአሜሪካ ጡረታ ያለው ሰው ባህር ዳር ቢገባ ተንቀባሮ ይኖራል የሚለውን ጽሑፋችሁን አነበብኩት። እኔም ሜሪላንድ ሠርቼ፣ ጡረታ ወጥቼ የመጣሁ የቀበሌ 14 ነዋሪ ነኝ። ከተማዋን እወዳታለሁ፣ በመምጣቴም አልተቆጨሁም። ግን ይህን አንብበው ቤታቸውን ሸጠው ሊመጡ የሚያስቡ ጓደኞች አሉኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ሂሳባችሁ ምንዛሬውን ብቻ ነው ያየው። እርግጥ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ በዓመቱ ከ130 አለፈ። በቁጥር ሲታይ ጡረታዬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ገበያው ግን ቆሞ አልጠበቀኝም። ከውጭ የሚገባው ብዙው ዕቃ ድሮም ዋጋው የሚወጣለት በጥቁር ገበያው ዶላር ነበር። አሁን ከውጭ ያልመጣውም ተከትሎ ወጥቷል። ቅዳሜ ገበያ ጤፍ የጠየቀ፣ ሐይቁ ዳር ቆሮሶ ዓሣ ሊገዛ የወረደ ሰው ያውቀዋል። የእኛ ጭማሪ ደግሞ የሚሰላው በአሜሪካ የኑሮ ውድነት ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2025 የጨመሩልን 2.5 በመቶ ነው። ባህር ዳር ጤፍ ስንት ገባ ብሎ የሚጠይቅልን የለም።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ሕክምናው ነው። ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጭ ለታከሙት አይከፍልም። የሐኪም ወጪ የሚሸፍነውን የሜዲኬር ክፍል፣ ፓርት ቢን፣ አቋርጬ ልምጣ ያለ ሰው፣ አንድ ቀን ተመልሶ ልመዝገብ ሲል ላቋረጠው ለእያንዳንዱ ዓመት 10 በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል፤ ቅጣቱ ደግሞ አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ አይደለም፣ ከወር ክፍያው ጋር አብሮ ይኖራል። ስለዚህ እዚህ እየኖርኩ እዚያ እከፍላለሁ፣ በ2025 በወር 185 ዶላር። ፋርማሲ ስገባ ደግሞ ከኪሴ። ባለፈው የደም ግፊት መድኃኒቴን ልገዛ ሄጄ ልጅቷ ፓኬቱን አገላብጣ ዋጋውን ነገረችኝ፣ ፊቴን ስታይ "አባባ፣ ይሄኛው በአዲሱ ዶላር የገባ ነው" አለችኝ። ያው ኪኒን ነው! ከበድ ያለ ምርመራ ከታዘዘ አዲስ አበባ መሄድ አለ፣ የመኪናው መንገድ ስለማያስተማምን የአውሮፕላን ቲኬት ይጨመርበታል።

የኪራዩን ነገርም ሳልል አላልፍም። ከውጭ የመጣ ሰው ሲያዩ ኪራይ በዶላር የሚጠሩ አከራዮች አሉ። አንዳንዶቻችንም እዚያ ከምንከፍለው ርካሽ ነው እያልን ሳንከራከር እንሰጣለን። ይሄ ልክ አይደለም። አንድ ግቢ የምንኖረው ጎረቤቴ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረ መምህር ነው። ጡረታው በብር ነው፣ ዶላሩ ሲወጣ አብሮ አልወጣም። የሰፈሩ ኪራይ በእኛ ኪስ ከተለካ ቤት የሚለቀው እሱ ነው። ውሉ በብር ይጻፍ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይሁን፤ የሁለት ዓመቱን የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016ም ይለዋል።

መምጣት የምትፈልጉ ኑ። ግን መጀመሪያ ተከራይታችሁ ክረምቱንም በጋውንም እዩት። የእዚያውን ቤት ለመሸጥ አትቸኩሉ። ጡረታችሁን የዚያን ወር ወጪ ያህል ብቻ መንዝሩ፣ ለሕክምና የሚሆነው በዶላር ይቀመጥ።

እናንተም ሌላ ጊዜ ስትጽፉ ከባንኩ የምንዛሬ ሰሌዳ ወረድ በሉና ፋርማሲ ግቡ፣ እንደ ጎረቤቴ ያሉትን የብር ጡረተኞችም ጠይቁልን።

አንባቢያችሁ፣ ከባህር ዳር