ቀልብሽ መቼ ነው የሚሄደው?

ልጄ፣

ለጓደኛሽ «እኔ እኮ ትኩረት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም» ስትያት ሰማሁ። ጆሮ ጠቢ ሆኜ አይደለም፤ አንቺ ስልክ ስታወሪ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።

አልተስማማሁም። ተከታታይ ፊልም ስታዪ ሦስቴ ተጠርተሽ አቤት አትዪም። ትኩረትማ አለሽ። እኔን የገረመኝ መቼ ጥሎሽ እንደሚሄድ ነው።

ሰሞኑን ሒሳብ ስትሠሪ አየሁሽ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ቀጥ አድርገሽ ሠራሽ። ሦስተኛው ላይ ኤክስን ወደ ግራ አሻገርሽው፤ ምልክቱ ግን አልመጣልሽም። የእስክሪብቶሽን ክዳን ከፈትሽ፣ ዘጋሽ። ጥያቄውን እንደገና አነበብሽው፤ ያነበበው ግን ዓይንሽ ብቻ ነው። ከዚያ እጅሽ ስልኩ ላይ አረፈ። ልብ በዪ፣ ስልኩ አልጮኸም። የጠራሽም ሰው የለም። ጥያቄው ከበደሽና ሸሸሽ።

ብዙ ሰው ቀልቡን የሚሰርቀው ከውጭ የመጣ ነገር ብቻ ይመስለዋል። ጫጫታ፣ መልእክት፣ ወሬ። እሱም አለ። መተግበሪያዎቹ ወደ ታች ስትጎትቻቸው ማለቂያ የሌላቸው ተደርገው የተሠሩት ለጽድቅ አይደለም። ግን ብዙ ጊዜ በሩን የምንከፍትላቸው እኛው ነን፤ ያውም ሥራው መክበድ በጀመረባት ደቂቃ። አለመግባት ያማል። ስልኩ ደግሞ ወዲያው የሚገባ ነገር ይሰጣል።

«አንዴ አይቼ እመለሳለሁ» ትያለሽ። ትመለሻለሽ፣ ግን ሙሉ ሆነሽ አይደለም። ሶፊ ለሮይ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት ይህንኑ አሳይታለች። ሰው የጀመረውን ሳይጨርስ ወደ ሌላ ሥራ ሲዞር ሐሳቡ በከፊል እዚያው ይቀራል፤ አዲሱንም እንደሚገባ አይሠራውም። አንዷ «ጉድ ልነግርሽ ነበር፣ በኋላ ደውዪ» ብላ ከጻፈችልሽ አበቃ። ስልኩን መልሰሽ ብታስቀምጪውም ጉዱ ከጎንሽ ተቀምጦ አብሮሽ ያጠናል።

«ሁለቱንም አስኬዳለሁ» ለምትዪው ደግሞ የጎሪላውን ሙከራ ልንገርሽ። ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ሻብሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ነው። ሰዎች ኳስ የሚቀባበሉ ተጫዋቾችን በቪዲዮ እያዩ ቅብብሉን እንዲቆጥሩ ተነገራቸው። መሃል ላይ የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው ገባ፣ ደረቱን መታ፣ ወጣ። ከተመልካቾቹ ግማሽ ያህሉ አላዩትም። ዓይናቸው እዚያው ላይ ተተክሎ! አንቺ ስልክሽ ላይ አፍጥጠሽ «እየሰማሁህ ነው አባዬ» ስትዪኝ ጎሪላው እኔ ነኝ።

በነገራችን ላይ፣ በመስኮት እያየሽ ሐሳብ ይዞሽ ጭልጥ ሲል አልቆጣሽም። እሱ ሌላ ነው። አንዳንዱ ጥሩ ሐሳብ እንዲያ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ልመናዬ። ስታጠኚ ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን። ገልብጦ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ አይቆጠርም። እጅሽ ስልክ ፍለጋ ሲሄድ ደግሞ መጀመሪያ ያልገባሽን ነገር በአንድ መስመር ጻፊው። «ሒሳብ አይገባኝም» ብለሽ ሳይሆን «ኤክስ ሲሻገር ምልክቱ ለምን ይቀየራል?» ብለሽ። እንዲህ የተጻፈን ጥያቄ መምህር መጠየቅ ይቻላል፣ መጽሐፍ ገልጦ መፈለግ ይቻላል። «አይገባኝም» ብሎ ነገር ግን ደብተር ከመዝጋት ሌላ የትም አያደርስም። የግድ መነሳት ካለብሽም የት እንደደረስሽና ቀጥሎ ምን እንደምትሠሪ ጻፍ አድርገሽ ተነሺ። ስትመለሺ ከየት ልጀምር እያልሽ አትዳክሪም።

የምልክቱን ነገር ቅዳሜ ጠዋት አብረን እናየዋለን። ደብተርሽን ይዘሽ ነይ።

አባትሽ