ይድረስ ለጓደኛዬ፣ ስለ ጂተሩ ጉዳይ

ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ ሒሳቡን ትተነው፤ መቼም ያንቺና የእኔ ነገር በዝምታ የሚበጠስ አይደለም። ወደ ፈጣን ሲሪያል ሊንክ (ቢቶችን ተራ በተራ በፍጥነት የሚልክ መስመር) ሥራ መግባትሽን ስሰማ ግን እጄ አላርፍ አለኝ። ዲጂታል ምን ሥራ አለው ትዪ የነበርሽው ሰው አሁን አንድና ዜሮ ስትቆጥሪ መዋልሽ አሳቀኝ። እዚያ ሥራ ላይ ሰውን ቀድሞ የሚያንገላታው ጂተር (የሞገዱ ጠርዝ ከተገቢው ቅጽበት መቅደሙ ወይም መዘግየቱ) ስለሆነ፣ ይህን ደብዳቤ በእሱ ልሙላው።

አይ ዳያግራም (የዓይን ቅርጽ ያለው የሞገድ ሥዕል፣ ባጭሩ «አይኑ») ሲያዩት ደስ ይላል። ረጅሙን ሞገድ በአንድ ቢት ርዝመት እየቆራረጡ አንዱን በሌላው ላይ መደረብ ነው፤ በሰከንድ 10 ጊጋቢት ከሆነ የአንዱ ቢት ጊዜ 100 ፒኮሰከንድ ነው። ብዙ ሰው መስመሮቹ በሚሻገሩበት ቦታ ሁለት ከርሰር (የመለኪያ መስመር) ያቆምና ስፋቱን አንብቦ «ጂተሬ ይህ ነው» ይላል። እኔ የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። አይኑ የሚታይ እንጂ የሚለካበት አይደለም። ለመለካት ሞገዱ ትሬሾልዱን (አንድን ከዜሮ የሚለየውን የቮልቴጅ ደረጃ) ያቋረጠበትን እያንዳንዱን ቅጽበት በዝርዝር አውጪ (ለዲፈረንሻል ሲግናል፣ ማለትም በሁለት ሽቦዎች ልዩነት ለሚላከው፣ 0 ቮልት ነው)፣ ከዚያ መሻገር ከነበረበት ቅጽበት ጋር አስተያዪው። ልዩነቱ ነው ጂተሩ። ሂስቶግራሙ (የልዩነቶቹን ብዛት የሚያሳየው ሥዕል) ላይ ሁለት ጉብታ ካየሽ ወደ ላይ የሚወጡትንና ወደ ታች የሚወርዱትን ጠርዞች ለየብቻ አድርገሽ እዪ፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱ እኩል ስላልሆኑ ነው።

ዝርዝሩን ከያዝሽ በኋላ ልዩነቱን ከጊዜ አንጻር በግራፍ አውጪው። ይህችን ነገር ችላ አትበያት። ለምሳሌ 6 ጊጋቢት ላይ የቢቱ ጊዜ 166.666 እያለ የሚቀጥል ፒኮሰከንድ ነው። 166.67 ብለሽ ብትጽፊ ስህተቱ በአንድ ቢት 0.0033 ፒኮሰከንድ ገደማ ነው፣ ምንም አይመስልም። በ3000 ቢት ግን ተጠራቅሞ 10 ፒኮሰከንድ ይሆንና አይኑን ያጠበዋል፤ ሰርኪዩቱ ምንም ሳያጠፋ ይወቀሳል። በግራፉ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ወይም የሚወርድ መስመር ካየሽ ጥፋተኛው ይኸው ነው። ስለዚህ ቁጥሩን በእጅሽ አትጻፊው፣ ማካፈሉን ለሲሙሌተሩ (ሰርኪዩቱን በኮምፒውተር ለሚያስመስለው ፕሮግራም) ተዪለት። መሻገሪያው በአይኑ የአንድ ቢት መስኮት ዳር ላይ ከወደቀ ደግሞ ግማሹ በመጀመሪያው ጫፍ፣ ግማሹ በመጨረሻው ጫፍ በኩል ይቆጠርና ጂተርሽ አንድ ሙሉ ቢት ሆኖ ቁጭ ይላል። ያኔ በግማሽ ቢት ገፋ አድርጊው።

ሲሙሌተሩ ራሱ የሚፈጥረው ጂተርም አለ። ስፓይስ (የሰርኪዩት ሲሙሌተሩ) ሞገዱ ዝግ ባለበት የጊዜ እርምጃውን እያረዘመ፣ በሚፈጥንበት እያሳጠረ ነው የሚሄደው። ትሬሾልዱ በሁለት ነጥቦች መካከል ሲወድቅ ቅጽበቱ የሚገኘው ነጥቦቹን በቀጥታ መስመር በማያያዝ ነው፤ ነጥቦቹ ከተራራቁ መልሱ ወዲያና ወዲህ ይላል። ትልቁን እርምጃ የቢቱ አንድ መቶኛ ላይ ገድቢና አስኪጂው፣ ከዚያ እርምጃውን በግማሽ ቀንሰሽ ድገሚው። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ ገና የሰርኪዩቱን ጂተር አላየሽም ማለት ነው። ሰርኪዩቱ እስኪረጋጋ ያለውን መጀመሪያውንም ቆርጠሽ ጣይው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ተራ ትራንዚየንት (ሞገዱን ከጊዜ ጋር እየተከተለ የሚያሰላው ሲሙሌሽን) ውስጥ ኖይዝ (ክፍሎቹ ራሳቸው የሚፈጥሩት የዘፈቀደ መዋዠቅ) የለም። ትራንዚስተሩም ሬዚስተሩም ጨዋ ሆነው ይቀመጣሉ። የምታዪው ጂተር ካለፉት ቢቶች የተረፈው ተጽዕኖ፣ ከጎረቤት መስመር የሚመጣው ክሮስቶክ፣ ሰፕላዩ (የኃይል ምንጩ) ላይ ያስገባሽው ሪፕል (የቮልቴጅ መዋዠቅ) ነው፤ ሁሉም ወሰን አላቸው። በፒአርቢኤስ7 (ዘፈቀደ በሚመስል የሙከራ ቢት ሰልፍ) ብቻ የምታስኬጂ ከሆነ ደግሞ ቢቶቹ በየ127ቱ ስለሚደጋገሙ አሥር እጥፍ ብታስረዝሚውም ያው መስመር በያው መስመር ላይ ይደረባል እንጂ አዲስ ነገር አይመጣም። እንዲህ ካለ አይን ላይ «ጂተራችን ትንሽ ነው» ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ራንደም ጂተር፣ ከኖይዝ የሚመጣው፣ ግን ወሰን የለውም። 1000 ጠርዝ ብትለኪ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 6.5 ሲግማ (ሲግማ የስርጭቱ ስፋት መለኪያ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው) ታገኛለሽ፣ ሚሊዮን ብትለኪ ወደ 10 ሲግማ ይጠጋል። ስለዚህ አንድ ሰው የጠርዙን ብዛት ሳይነግርሽ «ፒክ ቱ ፒክ» (ከጫፍ እስከ ጫፍ) ካለሽ ጆሮ አትስጪው። ከአንድ ትሪሊዮን ቢት አንድ ስህተት ለሚፈቅድ ሊንክ የሚያዘው 14.07 ሲግማ ነው። ወሰን ያለው ጂተር 12 ፒኮሰከንድ፣ ሲግማው 1.5 ቢሆን ድምሩ 33 ይሆናል። ከ10 ጊጋቢቱ የ100 ፒኮሰከንድ ቢት አንድ ሦስተኛው ሄደ ማለት ነው፤ ኖይዙን ያላበራው ሰው ግን 12ን ይዞ ስብሰባ ይገባል!

ትራንዚየንት ኖይዝ (ኖይዙ በርቶ የሚሄደው ትራንዚየንት) ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሊያስጠብቅሽ ስለሚችል፣ ቀድመሽ በወረቀት ገምቺ። መሻገሪያው ላይ ያለውን የኖይዝ ቮልቴጅ ለሞገዱ ተዳፋት ማካፈል ነው፦ 1.5 ሚሊቮልት ኖይዝ በፒኮሰከንድ 1 ሚሊቮልት በሚወጣ ጠርዝ ላይ 1.5 ፒኮሰከንድ ይሰጣል። ጠርዙ ቢፈዝ፣ ተዳፋቱ በግማሽ ቢወርድ፣ ኖይዙ ሳይጨምር ጂተሩ እጥፍ ይሆናል። እኔ በበኩሌ ከኖይዝ ጋር ከመታገል በፊት ጠርዙን ማሾል እመርጣለሁ፤ ከረንት ይበላል ብለሽ እንደምትከራከሪኝ አውቃለሁ።

ስትመልሺልኝ የአይኑን ሥዕል አትላኪልኝ፣ የመሻገሪያ ቅጽበቶቹን ዝርዝር ላኪልኝ። ኖይዙ በርቶ ይሁን ጠፍቶ፣ ትልቁ እርምጃ ስንት እንደነበርም ጻፊልኝ። ስለ ቤተሰብሽና ስለ ጤናሽም እንዲሁ፤ እሱን ግን በረጅሙ።

ናፋቂሽ ጓደኛሽ